ከወለደች በኋላ የሮጠችው እናት፣ የእኛም አሥራ አምስት ደቂቃ

በዚህ ዕትም ስለ ስፖርት እንጽፋለን ብንል አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁብን እናውቃለን። «ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ቆሜ የምሠራ ሰው ደግሞ ምን ስፖርት ያስፈልገኛል?» የሚለውን ከአንድ ሰው ብቻ አልሰማነውም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ እንመለስበታለን። በቅድሚያ ግን ሁላችሁም ስለምታውቋት አንዲት እናት እናውጋ።

አትሌት ደራርቱ ቱሉ የአርሲዋ በቆጂ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረች። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት መሆኗን ልጅ አዋቂው ያውቃል። ብዙ የማይወራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ አራተኛ ሆና ያለ ሜዳሊያ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ1998 ወለደች። ሯጭ ስትወልድ «እንግዲህ አበቃላት» የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ደራርቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ በፖርቱጋል የዓለም አገር አቋራጭ ውድድርን አሸነፈች፤ ቀጥላም መስከረም 20 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ እነ ጌጤ ዋሚን በመጨረሻው ዙር ጥላ በ30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰብራ ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች። በዚህም አላቆመችም፤ እ.ኤ.አ. በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች።

ልብ በሉ፣ ከወሊድ እስከ ሲድኒ ያለው ጊዜ የወራት ሳይሆን የዓመታት ነው። እርሷን የመሰለች ጀግና ይህን ያህል ከፈጀባት፣ እኛ በሳምንት ውስጥ ለውጥ አላየሁም ብለን የምንተወው ምን ቸኩለን ነው? እርግጥ ነው ደራርቱ አሠልጣኝ ነበራት፣ ሜዳ ነበራት፣ የደጋ አየር ነበራት። እናንተ ያላችሁ ከወጥ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ እርሷም የሌላት አለች። ስለዚህ ፍጥነቷን ለእርሷ ትተን፣ ቀስ ብሎ መመለስን ብቻ እንዋስ።

በዚህ ጉዳይ ያነጋገርናት እህታችን ስሟ እንዲጠቀስ አልፈለገችም። የወሎ ልጅ ናት፤ ልጇን ለእናቷ ትታ ቤይሩት ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከቤት ሥራው በተጨማሪ የማዳሟን እናት፣ ተይታን፣ ከአልጋ አንስታ መታጠቢያ ቤት የምታደርሰው እርሷ ናት። አንድ ቀን ጠዋት ምንጣፍ ስታነሳ ወገቧ ያዛት። «ከዚያ በኋላ ጫማዬን ለማሰር እንኳ ጎንበስ ማለት አቃተኝ» ትላለች። ሌሊት ሥራ ሲያልቅ የተረፈ ዳቦ በስኳር ሻይ ትበላለች፤ «ሲከፋኝ እበላለሁ፣ ስበላ ደግሞ ይከፋኛል»። ሰውነቷ ከበደ። ከሁሉ የከፋው ግን ለልጇ ስትደውል ካሜራውን መክፈት መተዋ ነበር። ልጅቷ «እማዬ፣ ለምን አትታዪኝም?» ስትላት ኔትወርክ የለም እያለች አንድ ዓመት ያህል በድምፅ ብቻ አሳለፈች።

እዚህ የምትኖር ነርስ የሆነች እህት ናት መጀመሪያ የመከረቻት። ማለዳ ቤተሰቡ ሳይነሳ አምስት ደቂቃ ብቻ። ከአልጋው ጠርዝ ላይ እጅን ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ ስምንት ጊዜ። ግድግዳውን በሁለት እጅ ተደግፎ ደረትን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ መመለስ፣ ስምንት ጊዜ። በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን አጥፎ መቀመጫን ከወለሉ ማንሳት። ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ። በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመረች አሥራ አምስት ደቂቃ አደረሰችው። በሦስተኛው ሳምንት ልትተወው ነበር፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ ሰምታ ተሰበርኩ ብላ ፈርታ። ነርሷ ሕመም የሌለው ድምፅ ክፉ እንዳልሆነ ስትነግራት ቀጠለች።

በስምንት ወር የቀነሰችው አራት ኪሎ ብቻ ነው። ይህን የምንጽፈው አውቀን ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ሚዛን ላይ ወጥታችሁ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ነገር ግን እንቅልፍ ተመለሰላት፣ ወገቧ ቀለል አለላት፣ ደረጃ ስትወጣ ማረፍ ተወች። ካሜራውንም ከፈተች። አንድ ቀን ደግሞ ለማዳሟ «ተይታን ከእንግዲህ ብቻዬን አላነሳም፣ ሁለት ሆነን እናንሳ» አለቻት። ማዳሟ ሁለት ቀን አኮረፈች፤ በሦስተኛው ቀን ልጇን ጠርታ አብሮ እንዲያነሳ አደረገች። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ነገር ይኸኛው ነው፤ ከአራቱም ኪሎ ይበልጣል።

ወደ ጥያቄያችሁ እንመለስ። የቤት ሥራ ያደክማል እንጂ ሁልጊዜ አያጠነክርም። ስትወለውሉ፣ ስትተኩሱ፣ ስትሸከሙ የሚሠሩት እነዚያው ጡንቻዎች ናቸው፤ ወገብ ለሰዓታት ይጎብጣል፣ አንዱ ትከሻ ከሌላው ይበልጥ ይጫናል፣ ዕረፍቱንም የምትወስኑት እናንተ አይደላችሁም። ስፖርት ግን የተዘነጋውን የሰውነት ክፍል ይቀሰቅሳል፣ የጎበጠውን ያቃናል፣ ሲበቃችሁ ታቆማላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይላል። ይህ ብዙ ከመሰላችሁ እዚያው ላይ ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል ተብሏል። ለምሳሌ ፈጠን ብሎ መራመድ መካከለኛ ነው፤ እየሄዳችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን አትችሉም።

ዕቃ ስታነሱም ከወገብ አትታጠፉ፤ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ዕቃውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉት፣ ከዚያ በእግራችሁ ኃይል ተነሱ። ይዛችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ፤ መዞር ካስፈለገ እግራችሁ ይዙር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በወንድ ብዕር መጻፉ ቢከብድም ነርሷ «ጻፈው፣ ብዙዎቹ ለማንም አይናገሩትም» ስላለችኝ እጽፈዋለሁ። ከወለዱ እናቶች መካከል ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ከባድ ሲያነሱ ሽንት የሚያመልጣቸው ጥቂት አይደሉም። ዓመታት ካለፉም በኋላ ቢሆን መፍትሔ አለው። ሽንትንና አየርን እንደሚይዙ አድርጎ ከሥር ያለውን ጡንቻ ማጥበቅ፣ እስከ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ፣ ይህንኑ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሽንት እየሸኑ አይሠራም። ቆማችሁ ስትተኩሱም፣ ሰሃን ስታጥቡም ሊሠራ ይችላል፤ ማንም አያይም። ለውጡ የሚታየው ግን ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል።

በቅርብ የወለደች፣ በተለይም በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ሐኪም ሳያያት አትጀምር። ደረት ላይ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው አቁሙ፤ ለሐኪምም ንገሩ። የወገብ ሕመም ያለባት እህት እግሯ ከደነዘዘ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት ግን አንድ ቀን እንኳ የሚያስጠብቅ ነገር አይደለምና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት።

ስለ ዕረፍት ቀንም አንድ ቃል እንበል። በሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ወጥ ውል በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ተከታታይ ዕረፍት ይሰጣል፤ የኩዌት ሕግም ከ2015 ጀምሮ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ደንግጓል። ወረቀቱ ያለውና ቤት ውስጥ የሚሆነው እንደሚለያይ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ቢሆንም ውላችሁ ላይ ምን እንደተጻፈ አስነብቡ።

መውጣት የምትችሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዓይን ምሬይሴ ተነስተው በኮርኒሹ ዳር እስከ ራውሼ ድረስ የሚሄዱ አራት እህቶች አሉ፤ ያቺ የወሎዋም አንዷ ናት። የሚሄዱት በቀስታ ነው፣ ወሬውም ስለሚበዛ አይፍጠኑ እንጂ አይሰለቹም። ከመካከላቸው አንዷ እስካሁን በነጠላ ጫማ ነው የምትሄደው። ቁጥር 39 የሆነ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ የስፖርት ጫማ ያላችሁ እሑድ ይዛችሁልን ኑ።