ስለ ዓሣ ገንዳ ውኃ አጠባበቅ

በደምበልም ሆነ በካዛንቺስ፥ በግቢው ዓሣ የሚያኖር ሰው ገንዳውን የሚሞላው በቧንቧ ውኃ ነው። ይህ ውኃ ለመጠጥ እንዲበጅ ክሎሪን የተጨመረበት ስለሆነ ሰውን ከበሽታ ሲጠብቅ ዓሣን ግን ይጎዳል። ስለዚህ አዲስ ውኃ በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ፥ ሳይከደን አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊቆይ ይገባል፤ ክሎሪኑ ተንኖ ይጠፋል።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስላላት አየሩ ስስ ነው፤ ውኃውም የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል። ተርፎ የሚበሰብሰው መኖ ያንኑ ጥቂት ኦክሲጅን ይጨርሳል፤ አሞኒያ የሚባል መርዝም ያወጣል። ዓሣው ጎሕ ሲቀድ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ቢከፋፍት፥ አየር አጥሮት ሳለ ርቦታል ብሎ መኖ የሚጨምርለት ሰው ሳያውቅ ይገድለዋል።

እንግዲህ መኖውን በጥቂት ደቂቃ በልቶ በሚጨርሰው መጠን እንስጠው፤ በየሳምንቱም ከገንዳው ውኃ ከአራት እጅ አንዱን ብቻ እንለውጥ። የወጣው ውኃ ለአትክልት ይጠቅማል።

ዓሣ በደኅና የሚኖርበት ገንዳ የትንኝ እጭ አይበረክትበትም፤ ዓሣው ያለቀበት ግን የትንኝ መራቢያ ሆኖ ጎረቤትን ያውካል። መምህራንም ይህን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱልን አደራ እንላለን።