በውጭ አገር ለሚወጣ የኢንተርኔት ማስታወቂያ በቨርቹዋል ካርድ ስለ መክፈል

ምርቱን ለውጭ ገዢ ለማስታወቅ የሚፈልግ ነጋዴ እንደ ቀድሞው በንግድ ትርኢትና በመጽሔት ብቻ ሳይወሰን በጉግልና በፌስቡክ ማስታወቂያ ማውጣት ጀምሯል። ማስታወቂያውን ማዘጋጀቱ ከባድ ሥራ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ዋጋውን በመክፈሉ ላይ ነው፤ የሚከፈለው በውጭ አገር ገንዘብ ነውና። በዚህ ጊዜ «ቨርቹዋል ካርድ አለኝ» የሚል ደላላ አይታጣም። ስለዚህ ይህ ካርድ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ ለአንባቢዎቻችን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቨርቹዋል ካርድ ማለት ፕላስቲኩ የቀረለት የክፍያ ካርድ ነው። ባንክ ወይም ፈቃድ ያለው የክፍያ ድርጅት ለደንበኛው የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 16 አኃዝ ያለው ቁጥር፥ ጊዜው የሚያልፍበት ወርና ዓመት፥ እንዲሁም የምስጢር ቁጥር ብቻ ነው፤ ክፍያውም እንደ ቪዛና ማስተርካርድ ባሉ መረቦች በኩል ያልፋል። ካርዱ ራሱ ግን ገንዘብ አይደለም። በስተጀርባው በአንድ ሰው ስም የተቀመጠ ዶላር መኖር አለበት። ነጋዴው አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባውም ይኸው ነው፤ ዶላሩ የማን ነው? በማንስ ስም ተቀምጧል?

አስመጪዎቻችን የለመዱት የሌተር ኦፍ ክሬዲት አሠራር ነው። በዚያ አሠራር ባንኩ ሰነዱን ሳይመረምር ገንዘብ አይለቅም። በካርድ ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ነጋዴው ቁጥሩን አንድ ጊዜ ካስመዘገበ በኋላ ኩባንያው ራሱ ቈጥሮ ራሱ ይወስዳል። በብዙው አሠራር ማስታወቂያው አስቀድሞ ይወጣል፤ ወጪው ከተወሰነ መጠን ሲደርስ፥ ወይም የወሩ የሒሳብ ቀን ሲሆን፥ ከሁለቱ በቀደመው ጊዜ ሒሳቡ ከካርዱ ላይ ይቈረጣል። በዚያ ሰዓት ካርዱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ማስታወቂያው ይቆማል፤ ዕዳው ግን አይሰረዝም። ካርዱን በመጣል ከዕዳው የሚያመልጡ የሚመስላቸው አሉ፤ ዕዳው የተጻፈው በካርዱ ላይ ሳይሆን በማስታወቂያው ሒሳብ ባለቤት ላይ ነው።

አሁን ወደ ደላላው ካርድ እንመለስ። የካርድ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ አኃዞች ካርዱን የሰጠው ድርጅት ማን እንደ ሆነ፥ በየትኛው አገር እንዳለ፥ ካርዱም አስቀድሞ ገንዘብ የሚሞላበት ዓይነት መሆን አለመሆኑን ያሳውቃሉ። እንግዲህ አድራሻው አዲስ አበባ የሆነ ነጋዴ በሌላ አገር የተሰጠ፥ በማይታወቅ ሰው ስም የተጻፈ ካርድ ሲያስመዘግብ ኩባንያው ቢጠራጠር ምን ያስደንቃል? የሚከተለው የሒሳቡ መዘጋት ነው። የሚጠፋውም በካርዱ ውስጥ የነበረው ጥቂት ዶላር ብቻ አይደለም። የሐምቡርግ ቡና ገዢ በየትኛው ቃል ፈልጎ እንዳገኘን፥ የዱባይ ሰሊጥ ነጋዴ የትኛውን ማስታወቂያ እንደ መረጠ የሚያስረዳው የብዙ ወራት መዝገብ አብሮ ይዘጋል። ሌላ ሒሳብ ለመክፈት የሞከረም ብዙ ጊዜ ማንነቱ ይታወቅበትና ይከለከላል። በዚህ ላይ ደላላው ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ደረሰኝ የሌለውም ወጪ በግብር ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም። ከተፈቀደላቸው ድርጅቶች ውጭ የውጭ ገንዘብ መመንዘር በሕግ የሚያስቀጣ መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። በእኛ አስተያየት ከደላላ የተገኘ ካርድ በጣም ውድ ካርድ ነው።

በውጭ አገር ባለ ዘመድ ካርድ ማስከፈልስ? ካርዱ እውነተኛ ስለ ሆነ የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ወጪው በድርጅቱ መዝገብ አይታይም፤ ለዘመዱ ቤተ ሰብ እዚህ በብር መመለሱም ያው ከባንክ ውጭ የተደረገ ምንዛሪ ነው።

ላኪ የሆነ ሰው መንገዱ የተቃና ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ሥርዓት ሲለውጥ ላኪዎች ካገኙት የውጭ ገንዘብ ለራሳቸው የሚያስቀሩትን ድርሻ ከ40 በመቶ ወደ 50 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ከውጭ የሚላክላቸው ገንዘብ ያላቸው ነዋሪዎችም የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ከፍተው ለውጭ አገር አገልግሎት እንዲከፍሉበት ፈቅዷል። ከዚያ ወዲህ የወጡትን ማሻሻያዎችና ከዚህ ሒሳብ ለማስታወቂያ የሚከፈልበትን አኳኋን ባንክዎን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በፋይል ያኑሩ።

ደንበኞቹ ሁሉ በከተማው ውስጥ ለሆኑ ባለ ሱቅ ግን ዶላር ፍለጋ መድከም ላያስፈልገው ይችላል። በአገር ውስጥ የቴሌግራም ቻናል በብር ማስታወቂያ ማስነገር፥ ወይም ደረሰኝ በሚሰጥ ሕጋዊ የማስታወቂያ ወኪል በኩል ማሠራት ይችላል። ወኪሉ የሚያስከፍለው ተጨማሪ ዋጋ ብዙ ጊዜ ያስቈጣል፤ ቢሆንም ሒሳቡ በነጋዴው በራሱ ስም እንዲከፈት መስማማት ይገባል፤ አለዚያ ከወኪሉ የተለያየ ቀን መዝገቡ ከወኪሉ ጋር ይቀራል።

ካርዱ በሕጋዊ መንገድ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። ለማስታወቂያ ብቻ የሚውል የተለየ ካርድ ይያዝ፤ ኩባንያው እንዳሻው እንዳይወስድም በካርዱም በማስታወቂያውም ላይ የወጪ ወሰን ይደረግ። ካርዱ ሲመዘገብ ለሙከራ ትንሽ ገንዘብ ተይዞ ሊመለስ ስለሚችል ይህ እንደ ስሕተት አይቈጠር። በጉግል የማስታወቂያ ሒሳብ ሲከፈት የተመረጠው የገንዘብ ዓይነት በኋላ አይለወጥም፤ ስለዚህ የዶላር ካርድ ያለው ሰው ሒሳቡን ከመጀመሪያው በዶላር ይክፈት፤ በዩሮ ቢከፍት በየክፍያው የምንዛሪ ኪሳራ ያገኘዋል።