ሞተሩ ብርቱ ነው፤ ካምቢዮውስ?

በምህንድስና ትምህርት ቤት አብሮን የተማረ አንድ ወዳጃችን ኑሮውን በአሜሪካ አገር ካደረገ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ቀን በሥራው ይውላል፤ ማታ ደግሞ በተከራያት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ከአሮጌ መኪና ጋር ሲታገል ያመሻል። ባለፈው ጊዜ የላከልን መልእክት እንዲህ ይላል፤ «ወንድሜ፥ ሞተሩ ደኅና ነው፤ ካምቢዮው ግን ተቃጠለ። እናቴን መጥቼ ለመጠየቅ ካጠራቀምሁት ገንዘብ እኩሌታው ከእርሱ ጋር ሊሄድ ነው። አሁን የትኛውን ልግዛ? እዚህ ያገኘሁት ሰው ሁሉ አንድ አንድ ስም ይጠራልኛል፤ ምክንያቱን የሚነግረኝ ግን አጣሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ወዳጃችን በ1970 የተሠራች ሸቭሮሌ ሼቬል ገዛ። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) መኪናዪቱ ስትገዛ የነበራት ሞተር ትንሽ ነበር። እርሱም ያን አውጥቶ፥ አሜሪካኖች «454» የሚሉትን ባለ 7.4 ሊትር የሸቭሮሌ ሞተር ተከለባት። ለትንሹ ሞተር የተሠራውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ግን «ለጊዜው ይሂድ» ብሎ ተወው። ካምቢዮውም ሦስት ወር ያህል ሄደለት። ከዕለታት አንድ ቀን ማታ በአውራ ጎዳና ላይ ከኋላው ከባድ ካሚዮን ሲከተለው፥ ለመፍጠን ቤንዚን ቢረግጥ ሞተሩ ጮኸ እንጂ መኪናዪቱ አልተራመደችም። ካሚዮኑ ጥሩምባውን እየነፋ በጎኑ አለፈ። ወዳጃችንም መኪናዪቱን በጭንቅ ወደ መንገዱ ዳር አውጥቶ ሲቆም፥ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አካባቢውን ሞላው።

እንግዲህ ጥያቄው የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለእርሱ የጻፍንለትን መልስ ለአንባቢዎቻችንም ማካፈል መልካም መስሎ ታየን።

አስቀድሞ አውቶማቲክ ካምቢዮ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያዎች ፊት ለፊት ቢቀመጡና አንደኛው ቢከፈት፥ ነፋሱ ሁለተኛውንም ያዞረዋል። በአውቶማቲክ ካምቢዮ ፊት ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባለው ክፍል ሥራው ይህንኑ ይመስላል፤ ልዩነቱ በነፋስ ፈንታ ዘይት መሆኑ ነው። በሞተሩ የሚዞረው ክንፍ ዘይቱን ይወረውራል፤ ሁለተኛው ክንፍ ተቀብሎ ይዞራል። በመካከላቸው ያለው ሦስተኛ ክንፍ ደግሞ የሚመለሰውን ዘይት አቅጣጫ ስለሚያስተካክል፥ መኪናው ከቆመበት ሲነሣ የሞተሩ የመጠምዘዝ ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ያህል ከፍ ይላል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ወደ ጥርሶቹ ይገባል። የትኛው ማርሽ እንደሚሠራ የሚወስኑት በዘይት ግፊት የሚጣበቁ ክብ ሰሌዳዎች፥ ማለት ፍሪሲዮኖች፥ እና እንደ መቀነት የሚያጠብቁ ቀበቶዎች ናቸው። ፍሪሲዮኖቹ ኃይሉን መያዝ ካቃታቸው ይንሸራተታሉ፤ መንሸራተት ሙቀትን ይወልዳል፤ ሙቀትም ዘይቱንና ፍሪሲዮኑን ያቃጥላል። በወዳጃችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

አሁን ጭነቱን በቁጥር እንየው። በ1970 ከወጡት 454 ሞተሮች ኃይለኛው፥ በፋብሪካው መግለጫ መሠረት 450 የፈረስ ጉልበትና 500 ፓውንድ ፉት፥ ማለት 680 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ነበረው። የካምቢዮው አንደኛ ማርሽ ይህን በ2.48 ቢያበዛው ወደ 1,680 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። በመነሻው ቅጽበት ቶርክ ኮንቨርተሩ እጥፍ ሲያደርገው ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ለትንሽ ሞተር የተሠራ ካምቢዮ ይህን ተሸክሞ ሦስት ወር መቆየቱ ራሱ የሚያስመሰግነው ነው።

ይህን ጭነት የሚችሉ ካምቢዮዎች አሉን? አሉ። ጄኔራል ሞተርስ በ1964 ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400 የተባለውን ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ በካዲላክና በቢዊክ መኪናዎች ላይ አወጣ። ክራይስለር ከዚያ ቀደም ብሎ በ1962 ቶርክፍላይት 727ን፥ ፎርድም በ1966 ሲ-6ን አቅርበዋል። የሦስቱ አንደኛ ማርሽ እጅግ የተቀራረበ ነው፤ የ400ው 2.48፥ የ727ው 2.45፥ የሲ-6ም 2.46 ነው። የ400ው ዝና ከአሜሪካ ውጭም ተሰማ። ሮልስ ሮይስ ለሲልቨር ሻዶው መረጠው፤ ጃጓርም ለባለ 12 ሲሊንደር ሞተሩ ወሰደው። ፌራሪ በ1976 የመጀመሪያውን አውቶማቲክ መኪናውን ሲያወጣ የተከለው ይህንኑ ካምቢዮ ነው። እነዚህ በሞተር ሥራቸው የሚኮሩ ድርጅቶች የሌላውን ካምቢዮ ለመግዛት አለማፈራቸው ሊያስተምረን ይገባል። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሀምቪ የሚባለው መኪናም በመጀመሪያ የተነሣው በዚሁ ካምቢዮ ነበር።

በ1991 ደግሞ ጄኔራል ሞተርስ የ400ውን ልጅ አመጣ፤ ስሙም 4ኤል80-ኢ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማርሾች እንደ አባቱ ሲሆኑ፥ አራተኛው 0.75 በመሆኑ መኪናው በፍጥነት ሲጓዝ ሞተሩ ያርፋል። በጉዞ ጊዜም ቶርክ ኮንቨርተሩን ቆልፎ መንሸራተትን ያስቀራል። ነገር ግን አባቱን በርዝመትም በክብደትም ይበልጣል፤ በአሮጌ መኪና ላይ ሲተከል ብዙ ጊዜ የወለሉን ብረት መቀጥቀጥ ወይም መቁረጥ ያስፈልጋል። በዚያም ላይ ያለ ኤሌክትሮኒክ መቈጣጠሪያ አይሠራም፤ ይህም ሌላ ወጪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ወጣቶች የሚሳሳቱት የሁሉንም ስም ሰብስበው «ከሁሉ የሚበረታው የቱ ነው?» ብለው በመጠየቃቸው ነው። ብርታት በነፃ አይገኝም። የ400ው ብርቱ አካላት ከባድ ስለ ሆኑ እነርሱን ለማዞር ብቻ የሚባክን ኃይል አለ፤ ከትንሽ ሞተር ጋር ቢገጠም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። በአጭር ርቀት ውድድር የሚሮጡ ብዙ ሰዎች ሸቭሮሌ ከ1950 እስከ 1973 ይሠራው የነበረውን፥ ሁለት ማርሽ ብቻ ያለውን ፓወርግላይድን አጠናክረው እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት፥ ቀላልና ኃይል የማያባክን ስለ ሆነ ነው። ነጋዴ በቅሎ ሲገዛ አስቀድሞ ጭነቱንና መንገዱን ይጠይቃል እንጂ የበቅሎዋን ወሬ ብቻ አይሰማም።

ስለዚህ ለወዳጃችን ስም በመላክ ፈንታ ሦስት ጥያቄዎች ላክንለት። አንደኛው፥ «የሞተርህ ጉልበት በእውነት ስንት ነው?» የሚል ነበር። «ስድስት መቶ» ብሎ መለሰ። «ማን ለካው?» ብንለው ጥቂት ቈይቶ «ሻጩ ነገረኝ» አለን። ሁለተኛው፥ «መኪናዪቱን ለምን ትፈልጋታለህ?» የሚል ነው። በመጀመሪያ ስለ ውድድር ጻፈልን፤ በማግሥቱ ግን እውነቱን ነገረን። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ውድድር ሜዳ አይሄድም፤ የሚፈልጋት ወደ ሥራ ለመመላለስና እሑድ ከወዳጆቹ ጋር ለመንሸራሸር ነው። ሦስተኛው፥ «በኋላው ዲፈረንሻል ያለው የጥርስ ቁጥር ስንት ነው?» የሚል ሲሆን፥ መልሱ 3.73 ነበር።

ከነዚህ መልሶች ነገሩ እየጠራ ሄደ። የጎማው ቁመት 66 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ጎማው በደቂቃ ወደ 884 ጊዜ ይዞራል። በሦስተኛው ማርሽ፥ ማለት አንድ ለአንድ ሲሆን፥ ይህን በ3.73 ብናበዛው ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,300 ጊዜ ይዞራል። ይህ ለዕለት ተዕለት ጉዞ ብዙ ነው፤ ጆሮ ያደክማል፤ ቤንዚንም ይበላል። በ4ኤል80-ኢ አራተኛ ማርሽ ግን ወደ 2,470 ይወርዳል። እንግዲህ ባለ አራት ማርሹ ይሻላል ያሰኛል። ሆኖም ሌላም መንገድ አለ። 400ውን ገዝቶ የዲፈረንሻሉን ጥርስ በ3.08 ቢለውጠው ሞተሩ ወደ 2,720 ይወርዳል። መኪናዪቱ ስትነሣ ኃይሏ ጥቂት ይቀንሳል፤ ነገር ግን 7.4 ሊትር ሞተር ያለው ሰው ስለ መነሻ ኃይል ሊጨነቅ አይገባውም።

ከመግዛቱ በፊት ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮችንም ዘረዘርንለት። የመጀመሪያው፥ የካምቢዮው ፊት ከሞተሩ ጀርባ ጋር መግጠም አለበት። የ400ው ፊት ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀለጠ ስለ ሆነ ተነቅሎ አይለወጥም። ለሸቭሮሌ የተሠራውና ለቢዊክ፥ ለኦልድስሞቢልና ለፖንቲያክ የተሠራው የብሎን ቀዳዳቸው ይለያያል። ስሙን ብቻ አይቶ የገዛ ሰው ቤቱ ደርሶ አልገጥም ይለዋል።

ሁለተኛው መልእክተኛው ነው። ሾፌሩ ቤንዚኑን ምን ያህል እንደ ረገጠ ለካምቢዮው የሚነግረው አንድ ነገር አለ። በ400ው ይህን የሚያደርገው ከሞተሩ በቀጭን ቱቦ የሚመጣ የአየር ስበት ነው፤ በአንዳንድ ሌሎች ካምቢዮዎች ዘንግ ወይም ሽቦ ነው፤ በ4ኤል80-ኢ ደግሞ ኤሌክትሮኒክ መቈጣጠሪያው ነው። መልእክተኛው ከዋሸ የዘይቱ ግፊት ያንሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ብርቱ ካምቢዮዎች በተቀደደ ቱቦ ወይም በላላ ሽቦ ምክንያት የሚቃጠሉበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። መካኒኮች በልማድ የሚከተሉት ስሌት የዘይቱ ሙቀት በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ቢሆን ደኅና ነው ይላል፤ ከዚያ በላይ ግን በየ11 ዲግሪው የዘይቱ ዕድሜ በእኩሌታ ይቀንሳል። ስለዚህ ከሞተሩ ራዲያተር ሌላ ለካምቢዮው ብቻ የሚሆን ማቀዝቀዣና የሙቀት መለኪያ ማስገባት የቅንጦት ነገር አይደለም።

አራተኛው በውድድር የሚሮጡትን ይመለከታል። በካምቢዮው ውስጥ ያሉት ከበሮዎች ከልክ በላይ ሲዞሩ የሚፈነዱበት ጊዜ አለ፤ ስብርባሪውም የመኪናውን ወለል በስቶ ወደ ሾፌሩ እግር ሊደርስ ይችላል። ተወዳዳሪዎች ካምቢዮውን በጠንካራ መከላከያ የሚሸፍኑት ለዚህ ነው። «እኔ አልወዳደርም» የሚል ሰው ይህን ወጪ ሊተወው ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ግን አንድ ቀን በሞቅታ ልወዳደር ቢል መከላከያ እንደሌለው ማስታወስ አለበት።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ አንብቦ ለሁለት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ያሰበውን ጻፈልን። 4ኤል80-ኢን ከነመቈጣጠሪያው ለመግዛት ቢነሣ የቀረውን ገንዘብ ሁሉ ይጨርስበታል። ስለዚህ የሸቭሮሌ ፊት ያለው፥ በደንብ የታደሰ 400፥ አንድ ማቀዝቀዣና አንድ የሙቀት መለኪያ ገዛ፤ ዲፈረንሻሉንም በ3.08 ለወጠው። ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያሸጋግረውንም ዘንግ ለአዲሱ ካምቢዮ ርዝመት አስተካከለ። ሞተሩን በመለኪያ ያስለካው ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት መቶ የተባለው ጉልበት በጎማው ላይ ሲለካ 340 ሆነ። «ኃይል በመንገድ ላይ ይቀንሳል ቢባል እንኳ ሻጩ አታሎኛል» ብሎ ሳቀ።

እኛ ግን በዚህ ውስጥ ከሻጩ ማታለል የሚበልጥ ነገር አየን። ወዳጃችን በመጀመሪያ የተጎዳው ብርቱ ካምቢዮ ስላልነበረው ብቻ አይደለም፤ «ለጊዜው ይሂድ» ስላለ ነው። ሁለተኛም ሊጎዳ የነበረው ጉልበቱን ሳይለካ፥ መንገዱንም ለራሱ ሳይናገር ሊገዛ ስለ ነበረ ነው። ኃይልን የሚጨምር ሰው ኃይሉ የሚያልፍበትን ሁሉ፥ ከካምቢዮው እስከ ዘንጉ፥ ከዘንጉ እስከ ዲፈረንሻሉ፥ ከዲፈረንሻሉም እስከ ፍሬኑ፥ አብሮ መቍጠር አለበት። በመንገዱ ላይ ደካማ የሆነው ክፍል ከሁሉ አስቀድሞ ይሰበራልና።

የመጨረሻው መልእክቱ አጭር ነበር፤ «ትላንት ሁለት ሰዓት ነዳኋት። መለኪያው ከ80 አልወጣም። ካምቢዮ ያላት መሆኑንም ረሳሁት» ይላል። ለካምቢዮ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና ያለ አይመስለንም። ገንዘቡም ሁሉ አላለቀም። ለፋሲካ ያሰበው ጉዞ ቢቀርም፥ ለመስቀል እናቱ ቤት እንደሚገኝ ጽፎልናል።