ተጨማሪ መረጃ፦ የነጋዴ ቤት እንደ ታሪክ ማስረጃ

አንድ ቤት የማን እንደነበረ ከስሙ ይልቅ አሠራሩ ይበልጥ ያስረዳል። በሐረር የራምቦ ቤት የሚባለው ባለ ፎቅ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርተር ራምቦ የሞተው በ1884 ዓ.ም. ነው፤ ቤቱን ያሠራው ግን ከዚያ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው። የተቀረጸው እንጨትና ባለቀለሙ መስተዋት ሐረርን ከባሕር ማዶ ጋር ያስተሳሰረ የንግድ ዓለም ያሳያሉ።

«ይህ ለጎጃሟ ቡሬ ምን ይጠቅማል? የጭቃ ቤት ታሪክ የለውም» የሚል ይኖራል። አልስማማም። ቡሬ ጎጃምን ከዓባይ ማዶ ከወለጋ ጋር የሚያገናኝ የገበያ ከተማ ናት። በእንጨትና በጭቃ የቆመ አሮጌ ሱቅ ጡብ ባይኖረውም፣ የሣር ክዳኑ በቆርቆሮ ሲተካ የነጋዴውን ገቢና የመንገዱን መድረስ ይመዘግባል። እንዲህ ያሉ ሱቆች ከመፍረሳቸው በፊት ተለክተውና ፎቶ ተነስተው ሊሰነዱ ይገባል።