በክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወናዎች የዲስኮችና የክፍልፋዮች ጽኑ አሰያየም

በአንድ የምርምር ሰርቨር ላይ ሁለት ዲስኮች አሉ እንበል፤ አንደኛው ሥርዓተ ክወናውን፣ ሁለተኛው ለዓመታት የተሰበሰበ የመስክ መረጃን ይዟል። ተመራማሪው ለምትኬ ሦስተኛ ዲስክ ሲጨምር ባዶው ዲስክ «ኤስዲሲ» የሚል ስም ያገኛል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ግን በዚያው ስም የሚጠራው መረጃውን የያዘው ዲስክ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስሙን በማመን የሚሰጥ አንድ የፎርማት ትእዛዝ የዓመታቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ይህ ጽሑፍ የችግሩን መንሥኤና መፍትሔ በአጭሩ ያብራራል።

በሊኑክስ «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» የሚባሉት ስሞች የዲስኩን ማንነት ሳይሆን የተገኘበትን ተራ የሚገልጹ ናቸው። በአይዲኢ ዘመን «ኤችዲኤ» የሚለው ስም ዲስኩ በኬብሉ ላይ የያዘውን ቦታ ስለሚያመለክት በአንጻራዊነት የጸና ነበር። የሳታ፣ የስካዚና የዩኤስቢ ዲስኮች ግን ስማቸውን የሚያገኙት ከአንድ የጋራ ተራ ነው። ከርነሉ መሣሪያዎቹን ጎን ለጎን ስለሚፈትሽ ቀድሞ የተገኘው ቀድሞ ይሰየማል፤ ተራውም በእያንዳንዱ መነሣት ሊለዋወጥ ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነው «ዩዴቭ» ነው። ይህ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ዲስክና ክፍልፋይ ተጨማሪ ቋሚ ስሞችን ያዘጋጃል። ስሞቹ በሚመሠረቱበት ነገር መሠረት በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በፋይል ሥርዓቱ ውስጥ የተጻፈው መለያ ሲሆን፣ «ዩዩአይዲ» የተባለውን ባለ 128 ቢት ቁጥርና ሰው የሚሰጠውን ስያሜ ያካትታል። ሁለተኛው በክፍልፋይ ሠንጠረዡ ላይ የተመሠረተው «ፓርትዩዩአይዲ» ነው። ሦስተኛው ከዲስኩ ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ይገኛል። አራተኛው ዲስኩ የተሰካበትን ቦታ ይገልጻል።

አራቱም የየራሳቸው ወሰን አላቸው። ክፍልፋዩ ዳግም ፎርማት ሲደረግ ዩዩአይዲው በአዲስ ይተካል፤ ፓርትዩዩአይዲው ግን ባለበት ይቆያል። ዲስክ «ዲዲ» በተባለው ትእዛዝ ሙሉ በሙሉ ሲገለበጥ ሁለቱም መለያዎች አብረው ስለሚገለበጡ፣ ቅጂውና ዋናው ባንድ ማሽን ላይ ከተገናኙ ስሙ የትኛውን እንደሚያመለክት እርግጠኛ መሆን አይቻልም። በዚህ ምክንያት «ኤክስኤፍኤስ» ተመሳሳይ ዩዩአይዲ ያለውን ሁለተኛ የፋይል ሥርዓት ለማያያዝ በመደበኛው አሠራሩ እምቢ ይላል። በቦታ ላይ የተመሠረተው ስም ደግሞ ዲስኩ ወደ ሌላ ሶኬት ሲዛወር አብሮት አይሄድም።

ችግሩ የሊኑክስ ብቻ አይደለም። ፍሪቢኤስዲ ለጂፒቲ ክፍልፋዮች በተሰጡ ስያሜዎች መጠቀም ያስችላል፤ ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዲስክ በ16 የሄክሳዴሲማል አኃዞች የሚጻፍ መለያ ይሰጣል።

እንግዲህ ምርጫው ከዓላማው ይነሣል። የፋይል ሥርዓቶችን በ«ኤፍኤስታብ» ለመመዝገብ ዩዩአይዲ ተመራጭ ነው። የመነሻ ራምዲስክ በሌለበት ከርነሉ ሥርወ ክፍልፋዩን በፓርትዩዩአይዲ ሊያገኘው ይችላል። መረጃን ለሚያጠፉ ትእዛዞች ግን በተከታታይ ቁጥር የተመሠረተው ስም ይሻላል፤ ባዶ ዲስክ ዩዩአይዲ የለውም፣ ተከታታይ ቁጥሩ ግን በዲስኩ ገላ ላይ ስለታተመ በዓይን ሊመሳከር ይችላል። መረጃውን ከጥፋት የሚያድነው ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት የሚደረገው ይህ ማመሳከር ነው።