አልጋ ሥር ያለው ካርቶን ማንን ይቀልባል?

ትርፍ ዕቃን ስለማስወገድ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው አሶሳን አያውቃትም። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ዕቃውን በእጃችሁ ያዙት፣ ደስ ካላላችሁ አመስግናችሁ አሰናብቱት ትላለች። ደግ ምክር ነው፤ አሶሳ ላይ ግን እናንተ እስክትወስኑ የማይጠብቅ አለ፦ ምስጥ።

ምስጥ የሚፈልገው ሴሉሎስን ነው፤ የዕፅዋትን አካል የሚገነባውን ነገር። እንጨት፣ ወረቀት፣ ካርቶን፣ የጥጥ ልብስ ሁሉ ይኸው አለበት። ምስጥ ሴሉሎስን ብቻውን መፍጨት አይሆንለትም። አንዳንዱን ዝርያ ሆዱ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት ያግዙታል። ትልልቅ ኩይሳ የሚገነቡት ግን ያኘኩትን ጎጇቸው ውስጥ ከምረው ፈንገስ ያለሙበታል። አዎ፣ ገበሬዎች ናቸው! ክረምት ሲገባ ኩይሳ ላይ ብቅ የሚለው እንጉዳይ የዚያ እርሻ ፍሬ ነው። “አንድ ቀን ያስፈልገኛል” ብላችሁ ያስቀመጣችሁት የአራተኛ ክፍል ደብተርም ሳታውቁት ማሳ ሆኖ ይሆናል።

ምስጥ ደግሞ ብርሃንና ደረቅ አየር አይወድም። ስለዚህ ከመሬት ተነስቶ ራሱ በሠራው የአፈር ዋሻ ውስጥ ይጓዛል፤ ግድግዳ ላይ የምታዩት ቀጭን የጭቃ መስመር ያ ነው። አልጋ ሥር የተገፋው ካርቶን ጨለማ ነው፣ ወለል ይነካል፣ ለዓመት የሚያንቀሳቅሰው የለም። ከዚህ የተሻለ ግብዣ ከየት ይመጣል? በገጠር ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርገው የሚሠሩ ሰዎች ነገሩን ከጥንት ያውቁታል።

ስለ ብሩ ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። እንደ አሶሳ ዕቃ ከአዲስ አበባ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ በሚደርስበት ከተማ፣ በተለይም ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዕቃ ይዞ መቆየት ሞኝነት አይደለም። ዛሬ የሸጣችሁትን ብረት ድስት ነገ በዚያ ዋጋ አታገኙትም። ስለዚህ የኔ ሚዛን ሌላ ነው፦ ብረትና ፕላስቲክ ይቆይ ቢባል ይቆያል፤ ወረቀት፣ ጨርቅና ጣውላ ግን በየቀኑ ዋጋቸው ይበላል። ቀድመው የሚወጡት እነሱ ናቸው። የማትለብሱት የጥጥ ልብስ ዘንድሮ ለዘመድ ቢሰጥ ልብስ ነው፤ ከርሞ ቢወጣ ወንፊት ሊሆን ይችላል።

ለቆራሌው ስትሸጡ አሉሚኒየሙን ከብረቱ ለዩት፤ በኪሎ የተሻለ የሚያወጣው አሉሚኒየሙ ነው፣ ከተደባለቀ ግን ሁሉም በብረት ዋጋ ይሄዳል። ከልዋጭ ጋር ደግሞ ተጠንቀቁ! አሮጌ ጫማ አስወጥታችሁ፣ ሦስት ባልዲ ላለበት ቤት አራተኛ ታስገባላችሁ።

ትልቁ ቁጠባ ግን ከሽያጩ አይመጣም፤ ሁለት ጊዜ ካለመግዛት ነው። ክምሩ ሲቀንስ ባለፈው ዓመት የገዛችሁት አምፖልና ምስማር ይታያል።

ዝናቡ ጠንክሮ ሳይገባ፣ ሚያዝያ ላይ ጀምሩ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የቤት ካርታና ዲፕሎማ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይግቡ። መደርደሪያው የቀርከሃም ቢሆን እግሩ ድንጋይ ላይ ይቁም፣ ጀርባው ከግድግዳ ይራቅ፤ ቀርከሃም ለምስጥ ምግብ ነውና። የጭቃ መስመር ካያችሁ በመጥረጊያ አፍርሳችሁ አትለፉት፤ መልሶ ይሠራዋል። ወደየትኛው ዕቃ እንደሚያመራ ተከተሉት፤ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው።