የአባት ቤት ድርሻ፦ ከመፈረም በፊት የሚነበብ

ብዙዎቻችሁ መርካቶ ዘመድ አላችሁ። አባት ከገጠር ወጥቶ ይነግዳል፤ አዲስ ከተማ ውስጥ ቤት ይሠራል፤ ከዚያ ይሞታል። አንዱ ልጅ እቤቱ ይቀራል፤ ሌላው አገር ቤት ያርሳል። አንድ ቀን የከተማው ወንድም ወረቀት ይዞ ይመጣና «እዚህ ላይ ፈርሙልኝ፤ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ ነው» ይላል። ድሮ ቢሆን አውራ ጣት ቀለም ይነካና ነገሩ ያልቃል። አሁን ግን ማንበብ ችላችኋል። ወረቀቱን ተቀበሉና አንብቡት። ወንድም ሌባ ነው ማለታችን አይደለም። እሱም ቢሆን የሚያስፈርመው ምን ዓይነት ወረቀት እንደሆነ ላያውቅ ይችላል።

በመጀመሪያ ግን ቤቱ የማን ነው? በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። መርካቶ ውስጥ «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። አባት በቀበሌ ቤት 40 ዓመት ቢኖርም ተከራይ ነበር። ተከራይ የሚያወርሰው ወይም ልጆቹ የሚሸጡት የቤት ድርሻ የለውም። ቤቱ የግል ከሆነ ግን ካርታ ይኖረዋል። ስለዚህ «ካርታው በማን ስም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ሳይጠይቁ በሌለ ድርሻ የሚካሰሱ ወንድማማቾች አሉ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ቤቱን አባትና እናት በጋብቻቸው ጊዜ ያፈሩት ከሆነ ግማሹ የእናት ነው። የሚወረሰው የአባት ግማሽ ብቻ ነው። 4 ልጆች አሉ እንበል። ቤቱን በ8 እጅ ብንከፍለው እናት 4 እጅ፣ እያንዳንዱ ልጅ 1 እጅ ይደርሰዋል። ለሒሳቡ እንዲቀል ቤቱ 800 ሺህ ብር ያወጣል ብንል፣ የአንድ ልጅ ድርሻ 100 ሺህ ብር ነው። ኑዛዜ ከሌለ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጅን እኩል ያወርሳል። «እሷማ ባል አግብታ ወጥታለች» የሚለው ነገር በዚህ ሕግ ቦታ የለውም። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ባለጉዳዮቹ በሙሉ ሲስማሙ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። እዚያ አከፋፈሉ ይለያል። አልፈልግም ያለውን ግን ማንም አያስገድደውም።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ከላይ የተጻፈውን ቃል ፈልጉ። «ሽያጭ» የሚል ከሆነ ድርሻችሁን በገንዘብ ትለቃላችሁ። የገንዘቡ ልክ በአኃዝም በፊደልም መጻፉን እዩ። «ስጦታ» የሚል ከሆነ አምስት ሳንቲም አትጠብቁ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ በምስክሮች ፊት ካልተደረገ አይጸናም። «ውክልና» የሚል ከሆነ ደግሞ ድርሻው የእናንተ እንደሆነ ይቆያል፤ ወንድማችሁ በእናንተ ቦታ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ስም እንዲያዛውር» የሚል ልዩ ቃል ካለበት ግን ቤቱ እናንተ ሳትኖሩ ሊሸጥ ይችላል። ኪራይ እንዲሰበስብ ብቻ ከፈለጋችሁ «ኪራይ እንዲሰበስብ» ተብሎ ይጻፍ። ውክልና የሰጠ ሰው መሻርም ይችላል።

ተስማምታችሁ ድርሻችሁን ለወንድም ወይም ለእህት የምትሸጡ ከሆነ፣ አስቀድሞ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይወጣል። ማስረጃው ላይ ስማችሁ መኖሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ የቀረ ወራሽ ካለ ኋላ ክስ ይመጣል። ሽማግሌ ፊት የተጻፈ ውል ለእርቅ ጥሩ ነው፤ ለቤት ሽያጭ ግን አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት እንዲደረግ ያዛል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ሥራ የሚሠራው ሰነዶች ማረጋገጫ በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ስመ ሀብት ማዛወር ይቀራል። ስሙ ካልተዛወረ ገዢው ገና አላረፈም።

አንዱ ወራሽ ድርሻውን ለባዕድ ሊሸጥ ቢነሣ፣ የጋራ ባለሀብት የሆኑት ሌሎቹ ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው። ብሩንም መንገድ ላይ አትቀበሉ። ፊርማው በሚፈረምበት ቀን በባንክ ሒሳባችሁ ይግባ፤ ደረሰኙን አንብቡ፤ ከዚያ ፈርሙ።